ሳይጮኹ አቧራ ማስነሳት፦ ስለ ፕላንትና ክራውስ አልበም ለተጻፈ ወቀሳ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «የምትወደውን አልበም ድባቅ መትተውልሃል፣ ቡናህን ይዘህ አንብብ» ብሎበታል። ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ ፈገግ አልኩ። መሀል ላይ ስደርስ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር።

ጽሑፉ የሚያወራው ስለ «ሬይዚንግ ሳንድ» ነው። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊን ዘፋኝ ሮበርት ፕላንትና የብሉግራሷ (በባንጆ፣ በማንዶሊንና በቫዮሊን የሚጫወቱት የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ነው) አሊሰን ክራውስ አብረው የሠሩት አልበም ነው። የወጣው ኦክቶበር 23 ቀን 2007 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።) 13 ዘፈን አለው። ፕሮዲዩሰሩ ቲ ቦን በርኔት ነው።

የጸሐፊው ክስ ሲጨመቅ ይህ ነው። ሮክና ብሉግራስ እሳትና ጭድ ናቸው፤ ያገናኛቸው ገበያ ነው። ዘፈኖቹ በሙሉ የሰው ናቸው። ፕላንት ድምፁ ስላለቀ ከሌድ ዜፕሊን ሸሽቶ እዚህ ተደበቀ። ክራውስ ለጌጥ የገባች ናት። አልበሙን ያሸጠው ግራሚ ነው፤ ግራሚውም ለሽማግሌ የተሰጠ የጡረታ ስጦታ ነው። ማስረጃ ካስፈለገ ደግሞ ሁለተኛው አልበማቸው ይኸውላችሁ።

ስድስት ክስ መሆኑ ነው። አንዱ ላይ በግማሽ እስማማለሁ፣ አንዱ ላይ ደግሞ ከግማሽ በላይ። የቀሩትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ከክሱ በፊት ግን አንዲት ነገር። ጸሐፊው የአልበሙን ስም «አሸዋ ማሳደግ» ብለው ተርጉመው ቀልደውበታል። አሸዋ እንዴት ያድጋል፣ ውሃ ሊያጠጡት ነው ወይ፣ እያሉ። ቀልዱ ደህና ነበር። ትርጉሙ ነው ችግሩ። በአሜሪካ ደቡብ ሰዎች «ሬይዝ ሳንድ» የሚሉት ረብሻ መፍጠርን፣ ቀውጢ ማድረግን ነው። እኛ አቧራ ማስነሳት እንደምንለው ማለት ነው። አማርኛው ቁጭ ብሎ እየጠበቃቸው ነበር! እንዲያውም ከሌላ ቋንቋ ይልቅ በእኛ ነው ስሙ የሚያምረው።

አሁን ወደ እሳትና ጭዱ።

ጸሐፊው እንደሚሉት ሮክ የኤሌክትሪክ፣ የከተማ፣ የጥቁሮች ብሉዝ ልጅ ነው። ብሉግራስ ደግሞ የተራራ ነጮች ጥንታዊ ዘፈን ነው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፣ ተገናኙ ሲባልም አንድ ነጋዴ መሀላቸው አለ ማለት ነው።

ተገናኝተዋል እንጂ። ጁላይ 1954 ሜምፊስ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣ። ኤልቪስ ፕሪስሊ ነው። በሸክላው አንድ ፊት የጥቁሩ የብሉዝ ሰው የአርተር ክሩደፕ ዘፈን አለ። ሸክላውን ገልብጡት። እዚያኛው ፊት ላይ «ብሉ ሙን ኦፍ ኬንታኪ» አለ። የማን ዘፈን ነው? የቢል ሞንሮ። ብሉግራስ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ባንድ ነው፣ ከብሉ ግራስ ቦይስ። ሮክ ገና አራስ ቤት ሳለ ብሉግራስ አጠገቡ ተኝቶ ነበር።

«ጥንታዊ» የምትለዋም አትሄድም። የሞንሮ ባንድ ዛሬ ብሉግራስ ብለን የምናውቀውን ድምፅ ያገኘው በ1945 መጨረሻ ነው። ያኔ ነው አርል ስክራግስ ባንጆውን በሦስት ጣቱ እያንቆረቆረ ባንዱን የተቀላቀለው። ከዚያ እስከ ኤልቪስ ሸክላ ዘጠኝ ዓመት እንኳ አይሞላም። ጥንት የሚባል ነገር የለም፣ ታላቅና ታናሽ ናቸው። የነጮች ብቻ የሚለውም እንዲሁ። ባንጆ ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተጋዙ ሰዎች እጅና ትዝታ ነው ያሻገረው። ሞንሮም ልጅ ሳለ አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር ጊታሪስት እየተከተለ ዳንስ ቤት ይጫወት ነበር። ብሉዝን ከእሱ እንደቀዳ በሕይወት ሳለ ሲናገር ኖሯል። ሞንሮ ካረፈ በኋላ፣ በ1997፣ የሮክ ባለውለታዎች የሚከበሩበት ተቋም፣ የሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም ራሱ፣ ከሮክ አባቶች ጋር አስገብቶታል። የሮክ ሰዎቹ ዘመዳችን ነው ካሉ እኛ ምን አገባን?

ፕላንትና ክራውስስ መጀመሪያ አብረው የዘፈኑት የት ነው? ጸሐፊው ይህን ዘለውታል። በ2004 ክሊቭላንድ ውስጥ ነው። ይኸው ሆል ኦፍ ፌም ለሊድ ቤሊ ያዘጋጀው የመታሰቢያ ኮንሰርት ላይ። ሊድ ቤሊ ባለ አሥራ ሁለት ክር ጊታር የሚጫወት ጥቁር ዘፋኝ ነበር፤ እስር ቤትም ኖሮ ያውቃል። እሱ ይዘፍነው የነበረውን የገመድ ሞት ዘፈን ሌድ ዜፕሊን በ1970 «ጋሎውስ ፖል» ብለው ሠርተውታል። «ኢን ዘ ፓይንስ» የሚባለውን የጥድ ጫካ ዘፈን ደግሞ ሊድ ቤሊም ቀርጾታል፣ ቢል ሞንሮም ቀርጾታል። ስለዚህ የሮኩ ሰውዬና የብሉግራሷ ሴትዮ የተገናኙት የሁለቱም ዘፈን በሚቀዳበት አንድ ምንጭ ላይ ነው። ይህን ገበያ ካሉት እንግዲህ ምን ይባላል።

ደግሞ የሁለቱን ጆሮ ታሪክ እንይ። ጸሐፊው ፕላንትን የሚያውቁት ደረቱን ከፍቶ ሲጮህ ብቻ ይመስላል። የዜፕሊን ሦስተኛ አልበም ሲታሰብ እሱና የባንዱ ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ ዌልስ ውስጥ መብራት በሌለው ጎጆ ነበሩ። ግማሹ አልበም ለስላሳ ጊታር ነው። በ1971 «ዘ ባትል ኦቭ ኤቨርሞር» ላይ ፔጅ ማንዶሊን ያነሳል፤ ፕላንት ደግሞ ከሳንዲ ዴኒ ጋር ይቀባበላል። ሳንዲ የእንግሊዝ የሕዝብ ዘፈን ዘፋኝ ነበረች። በሌድ ዜፕሊን ሥራዎች ላይ በእንግድነት የዘፈነ ሰው እሷ ብቻ ናት። እንግዲህ ማንዶሊንና የሴት ድምፅ ለፕላንት በ2007 የመጣ ነገር አልነበረም፣ 36 ዓመት ቀድሞ ያውቀዋል። በ2003 ማሊ በረሃ ውስጥ የሚደረገው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይም ሄዶ ዘፍኗል። በኋላ በባንዱ ውስጥ ጁልዴ ካማራ የሚባል የጋምቢያ ሰው ነበረ፤ የሚጫወተው ባለ አንድ ክር በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ስሙን «ሪቲ» ይሉታል። እናንተ ብታዩት ማሲንቆ ነው የምትሉት።

ክራውስስ? ተራራ ላይ አልተወለደችም። ኢሊኖይ ውስጥ ነው ያደገችው፣ ሜዳ አገር፣ የዩኒቨርሲቲ ከተማ። በአምስት ዓመቷ የጀመረችው ክላሲካል ቫዮሊን ነው። በ1995 ያወጣችው ስብስብ አልበም በአሜሪካ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ውስጡ ምን አለ? የቢትልስ ዘፈን አለ። የእንግሊዝ የሶል ባንድ ዘፈን አለ። «ኦ አትላንታ» የሚባል ደግሞ አለ፤ የባድ ካምፓኒ የሮክ ዘፈን ነው። ባድ ካምፓኒ የማን ድርጅት ውስጥ ነበሩ? ሌድ ዜፕሊን ያቋቋሙት ስዋን ሶንግ ውስጥ። ልጅቷ ከፕላንት ጋር ከመገናኘቷ ዘጠኝ ዓመት በፊት ግቢው ገብታ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ጸሐፊው ብሉግራስ ለእኛ ለሐበሾች ጆሮ ምኑም አይደለም ብለዋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች እንኳ እንዲህ ማለት ያስቸግረናል። የዋሽንግተን አካባቢ ከብሉግራስ ዋና ዋና ሠፈሮች አንዱ ነው። ዘ ሰልደም ሲን የሚባለው ስመ ጥር ባንድ በ1971 የተመሠረተው ቤተስዳ ነው። አሌክሳንድሪያ ባለው በርችሚር አዳራሽም ለዓመታት በየሳምንቱ ሲጫወት ኖሯል። እንጀራ የምንገዛበት ሠፈር እኮ ነው! እኔ ራሴ ብሉግራስን የለመድኩት ሌሊት ታክሲ ስነዳ ከመኪና ሬዲዮ ነው። መጀመሪያ የባንጆው ፍጥነት ራስ ምታት ሆኖብኝ ነበር። በኋላ ላይ የቫዮሊኑ ለቅሶ ያዘኝ። ልክ ሠርግ ቤት መጨረሻ ላይ፣ ሰው ተበትኖ፣ አዝማሪው ለራሱ የሚጫወተውን ዓይነት።

ሁለተኛው ክስ። ዘፈኖቹ የሰው ናቸው፤ ሁለት ሀብታም ዘፋኞች የድሆችን ዘፈን ሰብስበው ዘፈኑ።

እስኪ አንድ ጥያቄ። እኛ አገር ትዝታን ያልዘፈነ ዘፋኝ ማን አለ? ከመካከላቸው «የሰው ዘፈን ዘፈንክ» የተባለ አለ? ትዝታ ሲዘፈን የሚጠየቀው «እንዴት አድርጎ ዘፈነው?» ነው። ብሉግራስም ሆነ ብሉዝ እንዲሁ ነው የሚያድረው። ዘፈኑ ያለ ነው፤ አንተ ምን አመጣህበት ነው ነገሩ።

ደግሞ «በሙሉ» አይደሉም። «ፕሊዝ ሪድ ዘ ሌተር» የፕላንት የራሱ ነው፤ ከጂሚ ፔጅና ከሌሎች ሁለት ሙዚቀኞች ጋር የጻፈው። መጀመሪያ የወጣው በ1998 ከፔጅ ጋር በሠሩት አልበም ላይ ነው። ይህቺን ዘፈን ጸሐፊው ቢሰሟት ኖሮ ጽሑፋቸው ግማሹ ይቀር ነበር። ሁለቱን ቅጂዎች አጠገብ ለአጠገብ ስሟቸው። የ1998ቱ አራት ደቂቃ ከምናምን ነው። ጊታሩ ያጉረመርማል፣ ድራሙ ይገፋል። ሰውዬው ደብዳቤውን አንብቢልኝ እያለ በር የሚደበድብ ይመስላል። የ2007ቱ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ቀስ ብሏል። ድራሙ ከሩቅ፣ ከጎረቤት ቤት የሚሰማ ዓይነት ሆኗል። ዝማሬው ሲመጣ ክራውስ ከላይ ትገባለች። ያቺው «አንብቢልኝ» የምትለው ቃል አሁን በሁለት ሰው አፍ ናት። በዚህኛው ቅጂ ደብዳቤውን ማን ጻፈው? ማን ነው ያላነበበው? ግጥሙ አልተለወጠም። የተለወጠው ከጎኑ የቆመው ሰው ነው። በሩን የሚደበድብ የለም፤ ሁለቱም ከበሩ በሁለት ወገን ተቀምጠዋል።

እንግዲህ ይህ ዘፈን ከሰው የተሰረቀ ከሆነ ፕላንት ከራሱ ሰርቋል ማለት ነው።

የሌሎቹ ምርጫም ቢሆን እንዲሁ የተለቀመ አይደለም። ጂን ክላርክ ሁለት ዘፈን አለው፤ ከሮክ ባንዱ ከዘ በርድስ የወጣ፣ ሮክንና ካንትሪን ያጋጠመ ሰው ነው። የኤቨርሊ ወንድማማቾች በ1964 የሠሩት «ጎን ጎን ጎን» አለ። ኤቨርሊዎች ደግሞ የኬንታኪ ቤተሰብ የካንትሪ ዝማሬ ወደ ሮክ ያመጡ ናቸው። የቶም ዌይትስ አለ፣ የታውንስ ቫን ዛንት አለ። መጨረሻ ላይ የዶክ ዋትሰንና የባለቤቱ የሮዛ ሊ ዘፈን አለ። ዶክ ዓይነ ስውር ጊታሪስት ነበር፣ የሰሜን ካሮላይና ተራራ ሰው። ዘፈኑ ባልና ሚስት በሞት ሲለያዩ ነው። ማይክ ሲገር በኦቶሃርፕ ያጅባል። ድምፁ እንደ ትንሽ በገና ይንጠባጠባል። አልበሙ የሚዘጋው በዚህ ነው። ዝርዝሩን ስታዩት የሚነግራችሁ ነገር አለ፦ አጥሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ዘፈን ነው የተመረጠው፣ አንድ እግራቸው ወዲህ አንድ እግራቸው ወዲያ የሆነ።

ሦስተኛው ክስ ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ፣ ይቅርታ። ፕላንት ድምፁ አልቆ ከዜፕሊን ሸሸ የሚለው።

ቀኖቹን ብቻ እንደርድር። አልበሙ የወጣው ኦክቶበር 23 ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 2007፣ ሰባት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ፕላንት ለንደን ኦቱ አዳራሽ ከፔጅና ከጆን ፖል ጆንስ ጋር ቆሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ዘፈነ። ድራሙ ላይ የሟቹ የጆን ቦናም ልጅ ጄሰን ነበር። ያ ምሽት ተቀርጿል፣ በ2012 ወጥቷል፣ ማንም ገዝቶ መስማት ይችላል። ድምፁ ያለቀ ሰው አይመስልም። ከዚያ በኋላ ዓለም በሙሉ ዜፕሊን በየአገሩ ይዞራል ብሎ ሲጠብቅ እሱ በ2008 ከክራውስ ጋር ለጉዞ ተነሳ። ለገንዘብ ቢሆን የትኛውን ይመርጥ ነበር? መልሱን ለጸሐፊው እተወዋለሁ፤ ገበያ ገበያ ያሉት እሳቸው ናቸው። እንዲያውም በዚያው ጉዞ ላይ «ብላክ ዶግ»ን ከባንጆ ጋር አቀዝቅዞ ዘፍኖታል። ከዜፕሊን የሸሸ ሰው ዘፈናቸውን ተሸክሞ አይዞርም።

እዚህ ጋ ስለ ሃርመኒ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። እኛ አገር ወንድና ሴት አብረው ሲዘፍኑ አብዛኛውን ጊዜ ቅብብል ነው። እሱ ይላል፣ እሷ ትመልሳለች። አብረው ከዘፈኑም አንድ ዜማ ላይ ነው። ብሉግራስ ውስጥ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ አንድ ቃል ላይ፣ በተለያየ ከፍታ ይሄዳሉ። አንዱ ዜማውን ይይዛል፤ ሌላው ከላይ ወይም ከታች ርቀቱን ጠብቆ ይከተላል። ቃሉ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቅጽበት አንድ መሆን አለበት። ትንፋሽ እንኳ አብሮ ነው የሚወሰደው። አንዱ እንደልቡ ልቅለጥ ካለ ሌላው ገደል ገባ።

አሁን ፕላንትን አስቡት። ዕድሜ ልኩን ብቻውን ፊት ለፊት ቆሞ የዘፈነ ሰው ነው። አንድን መስመር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ዘፍኖ የማያውቅ፤ ደስ ሲለው የሚያስረዝም፣ ደስ ሲለው የሚቆርጥ። በ59 ዓመቱ ከአንዲት ለዝንፍታ ትዕግሥት ከሌላት ሴት አጠገብ ቆሞ፣ ልክ እንደ ትላንቱ አድርጎ መድገምን ተማረ። «ኪሊንግ ዘ ብሉዝ»ን በማዳመጫ ስሙት። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሁለቱ አብረው ናቸው። ከኋላ የግሬግ ሊዝ ፔዳል ስቲል ጊታር እንደ ጭስ ይተናል። ፕላንት ድምፁን እንደ እፍኝ ውሃ ይዞታል፣ እንዳይፈስበት። የመስመር መጨረሻ ላይ ጉሮሮው ውስጥ ትንሽ ንቅናቄ ትሰማላችሁ፤ ሊያስረዝም ፈልጎ ነው። ግን እሷ ስትዘጋ ይዘጋል። ጸሐፊው ይህን ድካም ብለውታል። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ልጓም አልሰማሁም።

መጮህ ሲፈልግም ጮኋል። «ናቲን» የሚለውን ያልፉታል እንዴ? ጊታሩ እንደ ክረምት ነጎድጓድ ነው፤ መሀል ላይ የክራውስ ቫዮሊን ሲገባ ደግሞ ፀጉር ያቆማል።

አራተኛው፣ ክራውስ ጌጥ ናት የሚለው። በቁጥር እንጀምር፤ ቁጥር ይወዳሉና። አልበሙ በወጣበት ቀን ክራውስ 20 ግራሚ ነበራት። ፕላንት የተወዳደረበትና ያሸነፈው አንድ ነበር፣ እሱም ከፔጅ ጋር የተካፈለው። 20 ለ 1 ነው ውጤቱ። ደግሞ አልበሙን አሜሪካ ውስጥ ያወጣው ራውንደር ነው፤ ክራውስን በ14 ዓመቷ ያስፈረማት ድርጅት። ቤቱ የእሷ ነው። እንግዳው እሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጆሮ አለ። «ትራምፕልድ ሮዝ»ን ማን ነው የሚዘፍነው? እሷ። ለጥንቷ የመንፈሳዊ መዝሙር ዘፋኝ ለሲስተር ሮዜታ የተሠራውን? እሷ። የጂን ክላርክን «ስሩ ዘ ሞርኒንግ»? እሷ፤ ፕላንት እዚያ ላይ ተቀባይ ነው። እሷን ጌጥ ያስባላት ስለማትጮህ ይመስለኛል። ድምጿ ቀጭን ነው፣ እንደ ጥጥ ፈትል። ጥጥ ፈትል ግን ለመበጠስ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ጣት ይቆርጣል።

ጸሐፊው አንዴም ስሙን ያላነሱት ሰው በርኔት ነው። ይህን አልበም ሁለት ሰው ሳይሆን ሦስት ሰው ነው የሠራው ብዬ አምናለሁ። ጄይ ቤለሮዝ የሚባለው ድራመር ከበሮዎቹን አፍኖ፣ አወፍሮ ነው የሚመታው። ማርክ ሪቦ የሚባለው ጊታሪስት ከኒው ዮርክ ጃዝና ጫጫታ ሠፈር የመጣ ነው፤ ብሉግራስ ከሚጫወት ሰው ጋር ታክሲ እንኳ አይጋራም ብለህ የምታስበው። ዴኒስ ክራውች ትልቁን የእንጨት ቤዝ አቅፏል። የብሉግራስ ፈጣን ባንጆ ሩጫ የለም፤ የሮክ ከበሮ ድብደባም የለም። ሁለቱም ዘፋኞች ከቤታቸው ወጥተው ሦስተኛ ቤት ውስጥ ነው የተቀመጡት፤ መብራቱ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው የእንጨት የሚመስል። ጸሐፊው «ሮኩ የት አለ? ብሉግራሱስ?» ብለው መፈለጋቸው ለዚህ ነው ያላዋጣቸው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ እውነተኛ ክስ በነፃ ልስጣቸው። መሀል ላይ አልበሙ ይንቀራፈፋል። «ፖሊ ካም ሆም» በጣም ነው የሚጎተተው። አንዳንዴ እዘለዋለሁ። በርኔት ጨለማውን ሲወድ መብራት ማብራት ይረሳል። ይህን ቢሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር።

ግራሚው ጋ እንምጣ። በፌብሩዋሪ 2009 አልበሙ አምስት ግራሚ ወሰደ፤ የዓመቱ አልበም የሚለውንም ጨምሮ። «ፕሊዝ ሪድ ዘ ሌተር» ደግሞ የዓመቱ ቅጂ ተባለ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ጎን ጎን ጎን» አንድ ወስዷል። ጸሐፊው ሽማግሌዎች ለሽማግሌ ሰጡ ይላሉ። እዚህ ላይ በግማሽ አብሬያቸው ነኝ። ለዋናው ሽልማት የተወዳደሩት እነማን ነበሩ? የሬዲዮሄድ «ኢን ሬይንቦውስ» ነበረ። በመጀመሪያ ሳምንቱ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተሸጠው የሊል ዌይን «ዘ ካርተር ስሪ» ነበረ። ኮልድፕሌይና ኒ-ዮም ነበሩ። እኔ ዳኛ ብሆን ሬዲዮሄድን ነበር የምመርጠው። ግራሚ ለራፕ እጁ የታጠፈ መሆኑም ሐሜት አይደለም፣ የታወቀ ነው።

ግማሹ ግን ስህተት ነው። አልበሙን ያሸጠው ግራሚ ነው ያሉት ከቀን አቆጣጠር ጋር ይጣላል። ገና ሲወጣ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው የተቀመጠው። በአሜሪካ የሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫውን ያገኘው በማርች 2008 ነው። ትልቁ ሽልማት ሊመጣ 11 ወር ይቀረው ነበር። ሰው ሳይሸለም ገዝቶታል።

የመጨረሻው ክስ ሁለተኛው አልበም ነው፤ በኖቬምበር 2021 የወጣው «ሬይዝ ዘ ሩፍ»። እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። የመጀመሪያው ድንገተኛነት የለውም። ያው በርኔት፣ ያው ደብዛዛ ክፍል። ግን 14 ዓመት የጠበቁ ሰዎችን «ቸኩለው ገበያ ተሻሙ» ማለት ይከብዳል። መሀል ላይ ከሌላ ፕሮዲዩሰር ጋር ሞክረው አልሆን ሲላቸው ትተውታል። ብራችንን እንብላ ያለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ነው ሁለተኛውን የሚያወጣው። ደግሞ በ1930 በጊሺ ዋይሊ የተቀረጸውን «ላስት ካይንድ ወርድስ ብሉዝ» ክራውስ እንዴት እንደምትዘፍነው ስሙና ንገሩኝ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ወዳጄ «ተናደድክ ወይስ ተኛህ?» ብሎ መልእክት ላከ። ጽሑፉን አልላክሁለትም። የ«ፕሊዝ ሪድ ዘ ሌተር»ን ሁለቱን ቅጂዎች ላክሁለት፣ የ1998ቱንና የ2007ቱን፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልነግረው። እሱ ብሉግራስ የሚባል ነገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፤ ሮክም ቢሆን ብዙ አይደለም። መልሱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ መጣ። አንድ መስመር ናት።

«የሁለተኛው ላይ ቫዮሊኑን የሚጫወተው ማነው?»